ፊርማ የሌለው ስርዝ ድልዝ

መስከረም 12 ቀን

ይድረስ ለጭራሮ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወፍረሃል ወይስ አሁንም በበር ስንጥቅ ትገባለህ? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ከጉልበቴና ከአዲሱ አስተዳዳሪያችን በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። እጅህ የነካው ይባረክ፣ አለቆችህ ፊት ሞገስ ይስጥህ። የቀረውን ምርቃት ለሌላ ቀን አቆየሁልህ፤ ጉዳይ አለኝ።

እንደምታውቀው የሆስፒታሉን የመድኃኒት መጋዘን ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የትኛው ካርቶን መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ ከልጆቼ የልደት ቀን አስበልጬ አውቃለሁ። ልጆቼም ይህን ስለሚያውቁ አይቀየሙኝም።

አሁን የመጣልን አስተዳዳሪ ሁለት ኮምፒዩተር አስመጥቶ፣ ከነካርቶናቸው ቢሮው ውስጥ ደርድሮ፣ የጠረጴዛ ልብስ አልብሶ፣ በላያቸው የፕላስቲክ አበባ አስቀምጦባቸዋል። እስካሁን አበባ ከመሸከም ሌላ የሰጡት አገልግሎት የለም። ባለፈው ሰኞ ሰበሰበንና ጉሮሮውን ጠራርጎ ውሳኔውን አሰማን። ሚያዝያ 24 ቀን ፈተና አለ። የትኛው መድኃኒት መጀመሪያ መውጣት እንዳለበት የሚናገር ፕሮግራም በኮሚቴ ፊት ጽፎ ያሳየ ሰው መጋዘኑን ይይዛል። የወደቀ በሁለት ወር ውስጥ አንዴ መድገም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ያስረክባል። ተፈታኞቹ ሁለት ነን። አንዷ እኔ፣ ሁለተኛው የአስተዳዳሪው ሚስት ወንድም። ይህ ሰው የሦስት ወር ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬቱን በፕላስቲክ አስለብጦ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል፤ እኛም ስሙን "ሰርተፊኬት" ብለን አርፈናል።

ኮርሱ የሚሰጥበት ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። "እማማ፣ መጀመሪያ ለጀማሪ የሚሆን ኮምፓይለርና መሥሪያ ይምረጡ፣ ከዚያ ይመለሱ" አለችኝ መዝጋቢዋ። ስንት ዓይነት አለ ብላት፣ የትናንት ዳቦ በነፃ የጠየቅኳት ይመስል ፊቷን አዞረች። ስለዚህ አንተን ልጠይቅ። ለጀማሪ የሚሻለው የትኛው ነው? ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው ወይስ ለብቻው? የዕድሜ ገደብስ አለው?

አንድ አደራ። ደብዳቤ የሚመጣልኝ በሆስፒታሉ ፖስታ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው ሰርተፊኬት ነው፤ ፖስታውን ሁሉ የመስኮት ብርሃን ላይ ሳያይ አያድልም። ስለዚህ የሚያሳፍረኝን ነገር በደብዳቤ እንዳትጽፍብኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። መዋረድ አልለመድኩም፣ ልለምድም አላሰብኩም።

እንደ ልማዴ የዚህን ደብዳቤ የካርቦን ቅጂ ፋይል አድርጌያለሁ።

የእናትህ የአክስት ልጅ፣ ባጭሩ አክስትህ፣
የመጋዘኗ


ጥቅምት 5 ቀን

እጅግ ለማከብርዎ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ለመላው ቤተሰብና ለመጋዘኑ ሠራተኞች ያለኝ ሰላምታ በያሉበት ይድረስልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አልወፈርኩም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ የአሳንሰር ፕሮግራም በሚጻፍበት መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምሠራው። የሕንፃችን አሳንሰር ከቆመ ሁለት ወር ስላለፈው በቀን ስድስት ጊዜ በእግሬ እወጣለሁ። እንዲህ እየሆነ መወፈር አይታሰብም።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የሐኪም ማዘዣ ያውቃሉ። ሐኪሙ በራሱ ቋንቋ ይሞነጫጭራል፣ መድኃኒት ሰጪዋ አንብባ ለበሽተኛው የሚገባውን ታወጣለች። ኮምፓይለር ማለት ይቺ መድኃኒት ሰጪ ናት። ሰው የጻፈውን ማሽን ወደሚገባው ትለውጣለች። ልዩነቱ፣ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ማዘዣውን ፊትዎ ላይ ትመልሳለች፤ ዕድሜ አታይ፣ ማዕረግ አታይ።

ለጀማሪ ብዙ ሰው የሚመክረው ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የጻፉትን መስመር እዚያው ተቀብሎ ይሠራል፣ ሆደ ሰፊ ነው። ሆደ ሰፊነቱ ግን ያባልጋል፤ ዝርክርክ ሰው ዝርክርክ እንደሆነ ዕድሜ ልኩን ሳያውቅ ይኖራል። ሲ የሚባልም አለ። እሱ ገደል ልግባ ላለ ሰው መንገዱን የሚጠርግ ነው። አለቆቼ ይወዱታል። ለእርስዎ ግን ፓስካል ነው የተፈጠረው። ስሙን አስቀድመው ያላስመዘገቡትን ዕቃ አያስገባም፣ አያወጣም። የጀመሩትን ካልዘጉ አያሳልፍዎትም። መጻፊያውና ኮምፓይለሩ በአንድ ሰማያዊ መስኮት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ስህተት ሲያገኝ ያቆማል፣ ጠቋሚዋ ሄዳ ቦታው ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ምክንያቱንም ከላይ በአንድ መስመር ይጽፋል።

የቸገረን ማሽን ነው፤ የእናንተዎቹ አበባ ተሸክመዋል። ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። አንድ ቀጭን የጀማሪ መጽሐፍ አብሬ ልኬያለሁ። እሱን እያዩ በወረቀት ይጻፉና ይላኩልኝ። በምሳ ሰዓት እተይበውና ኮምፓይለሩ ያለውን ቃል በቃል ጽፌ እመልሳለሁ። በፖስታ የሚሠራ ኮምፓይለር ሆንኩልዎ ማለት ነው። እዘገያለሁ እንጂ አልዋሽም።

አክባሪዎ
ጭራሮ


ጥቅምት 28 ቀን

ይድረስ ለፖስታ ኮምፓይለሬ፣

እንደምን ከረምክ? ደረጃው እግርህን ያጠንክርልህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሰርተፊኬት ብርሃን ላይ አይቶ "የውጭ አገር ማዘዣ ነው እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ ለወሬ ሱስ የሚታዘዝ" አልኩት።

ፓስካልን ወደድኩት። ሳታስመዘግብ አታስገባ፣ የከፈትከውን ዝጋ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስጮኽ የኖርኩትን ነው የሚለው። ይህን ሁሉ ዘመን ማሽን እንደሆንኩ ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

የመጀመሪያ ፕሮግራሜ ተያይዟል። አሥራ ዘጠኝ መስመር ነው። የሁለት መድኃኒት ቀን ተቀብሎ የትኛው ቀድሞ መውጣት እንዳለበት ይናገራል። የመጽሐፍህ ደራሲ በየመስመሩ ጫፍ ነጥብ ከጭራ ጋር ያደርጋል፤ በእጅ ሲጻፍ ዝንብ ያረፈበት ስለሚመስል እኔ በአራት ነጥብ ዘግቼዋለሁ። ይበልጥ ያለቀ ይመስላል። በየገጹም የመጋዘኑን ማኅተም መትቻለሁ። ያለ ማኅተም ከዚህ ግቢ የወጣ ወረቀት የለም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ስርዝ ታያለህ፣ ከጎኑ ፊርማዬ አለ። በእኛ መዝገብ ስርዝ ድልዝ አይከለከልም። የሰረዘው ሰው ይፈርምበታል፣ ቀን ይጽፍበታል፣ አለቀ። ፊርማ የሌለው ስርዝ ከተገኘ ግን በዚያን ቀን መጋዘን የገባ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ይህን የምነግርህ ከኔም የምትማረው ነገር እንዲኖር ብዬ ነው።

ቃል በቃል ብለሃል። እጠብቃለሁ።

አክስትህ


ኅዳር 20 ቀን

እጅግ በጣም ለማከብርዎና ለምወድዎ አክስቴ፣

ለመሆኑ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ ቅዝቃዜውን እንዴት ቻለው? ልጆችዎስ ሁሉም ደህና ናቸው? የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስስ ነበር፣ ተጠገነ? ያቺ ሁልጊዜ የሚቆረጥ ማሰሪያ ያላት ሚዛንስ አለች? በልጅነቴ እሷ ላይ ቆሜ ስመዘን "ይሄ ልጅ ከነጫማው ከአንድ ካርቶን ጥጥ አይበልጥም" ያሉኝ ትዝ ይለኛል። ሰውነቴ አሁንም ቃልዎን አክብሮ እንዳለ አለ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው። የምኖርበት ክፍልም ደህና ነው፤ ባለቤቷ መጋረጃ ቀይራልኛለች፣ አረንጓዴ ነው። ማኅተምዎን ያየ ባልደረባዬ "መንግሥት ነው የጻፈልህ?" ብሎ ተነሥቶ ቆመ። አንድ ፎቶግራፍ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ፕሮግራምዎን አስገብቼው ኮምፓይለሩ ተቀብሎታል። ለወረቀት የማይመጥን የነጥብ ጉዳይ ነበር፣ እዚሁ ተስተካክሏል።

የካርቦን ቅጂው እርስዎ ጋ አለ አይደል? ለማወቅ ያህል ነው።

አክባሪዎ
ጭራሮ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ይድረስ ለጭራሮ፣

ስምህ በመልካም ይነሣ። ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት በኮሪደሩ መሐል ለመሐል ነው የሄድኩት፤ ለወትሮው ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምሄደው። ሰርተፊኬት በጓደኛው ቤት ማሽን ይለማመዳል። መንገድ ዘጋብኝ።

"እርስዎ ላይ ስንት አወጣ?" አለኝ።

"ምን?"

"ስህተት። ኮምፓይለሩ።"

"እኔ ላይ? ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ኮርሱ ምንም ላይ ሳይደርስ ነው እንዴ የተመረቃችሁት?"

"እኔን በቀን አርባ ጊዜ ነው የሚያዋርደኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከልቡ አዝኖ።

"የአስተዳደግ ጉዳይ ነው" ብዬው አለፍኩ።

ወሬው አስተዳዳሪው ጋ ለመድረስ የአንድ ሻይ ጊዜ አልፈጀበትም። ቢሮው አስጠርቶኝ "በራስዎ እንዲህ ከተማመኑ ሁለተኛ ዕድል ምን ያደርግልዎታል?" አለ። በራሴ እተማመን ነበር። "ምንም" አልኩት። የተዘጋጀ ወረቀት ከመሳቢያው አወጣ፤ አየህ፣ ተዘጋጅቶ ነው የቆየው። ብወድቅ ሳልደግም በዚያው ቀን ቁልፍ አስረክባለሁ የሚል ነው። ፈረምኩ። ማኅተሜንም ከቦርሳዬ አውጥቼ መታሁበት።

ሁለተኛው ፕሮግራሜ ተያይዟል፤ አርባ አንድ መስመር ነው። አሥር መድኃኒት ተቀብሎ በቀናቸው ቅደም ተከተል ይደረድራል። ለፈተና ይዤው የምገባው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ባለፈው ደብዳቤህ ሰላምታው ገጽ ሙሉ፣ ኮምፓይለሩ ግን ሁለት መስመር ነው። በሚቀጥለው ገልብጠው። የመጋረጃህን ቀለም ማወቄ መጋዘኑን አያተርፍልኝም።

አክስትህ


የካቲት 2 ቀን

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዛብኝ።

ሁለተኛውም አልፏል።

እያሰብኩ ነበር። ምናልባት ቤዚክ ይሻል ይሆን? ለጀማሪ ሆደ ሰፊ ነው ብዬ ነበር፤ ሆደ ሰፊነት ክፉ ነገር አይደለም። ወይም ፈተናው ትንሽ እንዲራዘም ቢጠይቁስ? ጉልበትዎን ታክመው እስኪሻልዎ ቢሉ ማን እምቢ ይላል። ያቺ የፈረሙባት ወረቀት ትመለስ ቢባል አይቻልም?

ኮምፓይለሩን በዲስኬት ልኬያለሁ። አንድ ሰዓት እንኳ ማሽን የሚያገኙበት ቦታ ካለ፣ እባክዎ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ከካርቦኑ ላይ ይተይቡት። እንዳለ። ምንም ሳያስተካክሉ። ሲተይቡም ብቻዎን ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ጭራሮ


የካቲት 25 ቀን

ጭራሮ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። አልቆብኛል።

አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ የታይፕ ትምህርት ቤት አለ። ባለቤቷ አንድ ማሽን አላት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ፈቀደችልኝ፤ ለማሽኑ ስለምትሳሳ ግን ከአጠገቤ አልሄደችም። ብቻዬን አልነበርኩም።

ዲስኬትህን አስገባን። ሰማያዊው መስኮት መጣ። ከካርቦኑ ላይ እንዳለ ተየብኩ። አራት ነጥብ ማሽኑ ላይ ስለሌለ ሁለት ነጥቡን ሁለቴ ሁለቴ እየመታሁ ዘጋሁ። ከዚያ "ይለፍ" ብዬ መጽሐፍህ የሚያዘውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቆመ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ላይ ቆመ። ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ አለኝ። ይህን ስም አላውቀውም አለኝ። የከፈትሽው አልተዘጋም አለኝ፤ እኔን፣ የከፈትሽው አልተዘጋም። ሰዓቱ አልቆ ሌላ ሰዓት ለመንኩ። ስጨርስ ቆጠርኩት። በአሥራ ዘጠኝ መስመር ሃያ ሦስት ስህተት። አሥራ አራቱ የአራት ነጥቦቼ ናቸው። ዘጠኙ ግን የእኔው የራሴ፣ አጥብቄ የማምንባቸው ስህተቶች ናቸው።

"ውይ እማማ፣ የመጀመሪያዎ ነው?" አለችኝ ባለቤቷ።

ሃያ ሦስት ቦታ ሰርዘህ አንድም ቦታ አልፈረምክም። አንዲት ነርስ የብልቃጥ ቀን ልጣ ሌላ ቀን ለጥፋ ብታስረክበኝ ምን እንደማደርጋት ታውቃለህ። የእናቷን ለቅሶ እንኳ አልደርስም ነበር። አንተ ደግሞ ሁለቴ አደረግከው። እኔም ያንተን "አልፏል" ይዤ በኮሪደር መሐል ተራመድኩ፣ በወረቀት ፈረምኩ፣ ሁለተኛ ዕድሌን ሸጥኩ።

ስምንት ሳምንት ቀርቶኛል። ደብዳቤ ሄዶ ለመመለስ ስድስቱን ይበላል። ስለዚህ ያለህ አንድ ደብዳቤ ነው። የሁለተኛውን ፕሮግራም ስህተት በሙሉ ማሽኑ እንዳለው ጻፍ። ምክንያትህን አልጠየቅኩህም።


መጋቢት 16 ቀን

አክስቴ፣

አብሮ ያለው አራት ገጽ ዝርዝር ሠላሳ ስምንት ስህተት ነው። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን፣ የመጀመሪያውን ወረቀትዎን አውጥቼ ከዜሮ ተየብኩት። ማሽኑ ያለውን ነው የጻፍኩት። መስመር 4፦ ይህን ስም አላውቀውም። መስመር 9፦ ቁጥር የሚጠበቅበት ቦታ ቃል ገብቷል። መስመር 17፦ መዝጊያ ጎድሏል። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ማስተካከያውን አልጻፍኩም። እጄ ሦስት ጊዜ ሊጽፍ ሄዶ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። መጽሐፉ ገጽ ስንት ላይ እንዳለ ብቻ ነው በየአንዳንዱ ጎን ያመለከትኩት፤ ባመለከትኩበት ሁሉ ፈርሜያለሁ።

ምክንያቴን አልጠየቁኝም፤ ሳልናገር ግን ፖስታውን ማሸግ አልቻልኩም። በኅዳር ሃያ ሦስቱንም ስህተት ጽፌ ነበር። ሁለት ገጽ ሆነ። መልሼ ሳነበው፣ አፍንጫዬን በመሐረብዎ የጠረጉልኝን ሰው ተራ በተራ የምሳደብ መሰለኝ። በእንግሊዝኛ የማሽን ቃል ነው፤ በአማርኛ ሲሆን ግን የእኔ ቃል ሆነ። ቀደድኩት። ከዚያ ትንሽ ላስተካክል ብዬ ጀመርኩ። አንድ ነጥብ ነበር። ስጨርስ ፕሮግራሙ የእኔ ነበር፣ ማኅተሙ የእርስዎ። ደግሞም የሰባተኛ ክፍል ካርዴ ትዝ አለኝ። ሒሳብ ወድቄ አባቴን ፈርቼ ሳለቅስ እርስዎ በአባቴ ቦታ ፈርመውልኛል። ያኔ ሸፍነውኛልና ዛሬ ልሸፍንዎ አልኩ። አሁን ሳስበው ደረጃ ላይ ስወጣ ወገቤን ይይዘኛል።

ለጀማሪ የሚሆነው ኮምፓይለር የትኛው ነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ፓስካል ያልኩት እውነት ነው፤ ቤዚክ ያልኩትን ይርሱት። ኮምፓይለሩ ቦታ ላይ እኔ ተቀመጥኩ እንጂ እሱ ምንም አላጠፋም። እኔ ለጀማሪ አልሆንም።

አንድ ከመጽሐፉ የቀረ ነገር ልንገርዎ። ጠቋሚዋ የምትቆመው ስህተቱ የታየበት ቦታ ላይ ነው። የተሠራበት ላይ ላይሆን ይችላል። አንድ መዝጊያ ከረሱ፣ ማሽኑ መርሳትዎን የሚያውቀው ቀጣዩን መስመር ማንበብ ሲጀምር ነው፤ ጩኸቱም እዚያ ነው የሚሰማው። የቆመበትን መስመር ደጋግመው አይተው ንጹሕ ከሆነብዎ ወደ ላይ ይውጡ። እኛ ቤት አዲስ ገቢዎች ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ይፈጅባቸዋል።

በፈተናው ማግስት ያለፈውን ሁሉ ይቆጡኝ። እስከዚያ ግን ይተይቡ።

ጭራሮ


ሚያዝያ 28 ቀን

ይድረስ ለጭራሮ፣

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታ እንደገና ተጀምሯል፣ አትደንግጥ።

ዝርዝርህ ሚያዝያ 6 ደረሰኝ። ሰርተፊኬት ፖስታውን ብርሃን ላይ ይዞ "ወፍሯል" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ታይፕ ትምህርት ቤቱ ነው። ሠላሳ ስምንቱን ሳስተካክል አሥራ አንድ አዲስ ወለድኩ። ባለቤቷ መጨረሻ ላይ ወንበሬ ላይ ትራስ አድርጋልኝ ነበር። በምተይበውም ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፣ ኋላ ትደርስበታለህ።

የፈተናው ቀን የፕላስቲኩ አበባ ተነሣ። ኮሚቴው አስተዳዳሪው፣ ሒሳብ ሹሙና ዋና ነርሷ ናቸው። ዋና ነርሷ በትሪ ላይ አሥር ብልቃጥ አምጥታ በእነዚህ ይፈተኑ አለች። በቃላችን የያዝነውን እየተየብን በሁለት ሰዓት ውስጥ ማሳየት አለብን።

ሰርተፊኬት ቀድሞኝ ጨረሰ። ማሽኑ አንድም ስህተት የለም አለው። አስተዳዳሪው ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። አሥሩም ተደርድረው ወጡ፣ የሚያምር ነው፣ በሣጥን ውስጥ ሁሉ አስገብቷቸዋል። ዋና ነርሷ መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን አነበበች።

"ይሄን ለማን ልስጠው?" አለች።

"መጀመሪያ ለመጣ በሽተኛ።"

"ባለፈው ወር ጊዜው አልፎበታል እኮ።"

"ስለዚህ ነዋ መጀመሪያ የሚወጣው። ቀኑ ከሁሉም ይቀድማል።"

"ሰው ይገድላል።"

"ኮምፓይለሩ ምንም አላለም" አለ ሰርተፊኬት። እውነቱን ነው። ኮምፓይለሩ ምንም አላለም።

የእኔ ደግሞ መስመር 27 ላይ ቆሞ ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ሦስቱም መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፤ የሒሳብ ሹሙ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ነው። መስመር 27ን አየሁት። ንጹሕ ነው። ደግሜ አየሁት። "እዚህ ጋ እኮ ነው የቆመው፣ እሱን ያጥፉት" አለ አስተዳዳሪው ለመርዳት በሚመስል ድምፅ። እጄ ሊያጠፋው ሄደ። መልሼ ሰበሰብኩት። ወደ ላይ ወጣሁ። መስመር 26 ጫፉ ባዶ ነው። ያቺን የናቅኳትን ዝንብ አስቀመጥኩበት። ሄደ።

ዘጠኙ ተደርድረው ወጡ። አሥረኛው ለብቻው ከታች፣ "አይሰጥም፣ ተለይቶ ይቀመጥ" ከሚል ጋር። የጨመርኩት ይህን ነው። አንተም ብትሆን ይህን መስመር አትጽፈውም ነበር፤ ሠላሳ ስምንቱ ስህተት ውስጥ ስለሌለ።

አስተዳዳሪው "ውጤቱ በደብዳቤ ይገለጻል" ብሎ ወጣ። እዚያው በአፍ ሊነገር የሚችል ውጤት ለደብዳቤ የሚቆየው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ በመሐሉ እንዲለወጥ ነው፤ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ትናንት ደረሰኝ። ፊርማው የሦስቱም ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ይቆያል። ሰርተፊኬት በሥሬ ረዳት ሆኖ ተመድቧል። ዛሬ ጠዋት ስርዝ ላይ መፈረም አስተማርኩት፤ እጁ ጥሩ ነው። ፖስታ ሣጥኑንም ከእሱ ጋር አብረን ነው የምንከፍተው።

አሁን ወዳንተ። ካርድህን ጠቅሰሃል። በአባትህ ቦታ ፈርሜያለሁ፣ አልክድም። ግን ያን ክረምት በጓንት ካርቶኖች መሐል አስቀምጬ የሒሳብ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንዳሠራሁህ ዘለልከው። ፈርሜ አልሸፈንኩህም፤ ፈርሜ ተያዥ ሆንኩልህ። ይህን ልዩነት ደረጃ ስትወጣ አስበው፤ አሳንሰሩ እስኪጠገን ጊዜ አለህ።

ልቆጣህ ደግሞ ተቀምጬ ነበር። ቀይ እስክርቢቶ አውጥቼ ደብዳቤዎችህን በተራ ዘረጋሁ። ስህተቱ የታየው ኅዳር 20 ላይ ነው። ያን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ፈሪ ልጅ የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ግን ፍርሃቱ እዚያ አልተጀመረም። አንተው ባስተማርከኝ መንገድ ወደ ላይ ወጣሁ። የጥቅምቱን አየሁ፣ ቃል በቃል ብለህ ቃል ገብተሃል፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የእኔው የመስከረም 12 ደብዳቤ ነው። ፋይሉን ከፈትኩ። ከመጨረሻው በላይ ባለው አንቀጽ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፦ የሚያሳፍረኝን ነገር በደብዳቤ እንዳትጽፍብኝ።

አንተ ሳታውቀው የቀረህ አይመስለኝም። በአራት ገጽህ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ስህተቴን ጽፈህ ይቺን ብቻ ዘለልክ። እሷን ለእኔ ተውክልኝ። እሺ።

የካርቦን ቅጂውን አባሪ አድርጌያለሁ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ከፋይሌ ቅጂ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ዐረፍተ ነገሩን ሰርዤዋለሁ። ቀኑን ጽፌበታለሁ። ፊርማዬ ከጎኑ ነው።

አክስትህ፣
የመጋዘኗ